«ምን አገባችሁ?» ስለ ሌላው ሰው መብት የሚደረግ ጥናት

የጥናቱ ምንባብ፦ ኤርምያስ 38፥1-13፤ ዘዳግም 24፥14-15፤ ያዕቆብ 5፥1-6። በትምህርቱ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከየማኅበረ ምእመናኑና ከፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ዘንድ እየተደጋገመ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ «የእኛ ሥራ የተራበውን ማብላት፥ ምንጭ ማጐልበት፥ ክሊኒክ መክፈት ነው፤ ስለ ሰብአዊ መብት መናገር የፖለቲካ ሰዎች ድርሻ ስለ ሆነ ቤተ ክርስቲያንን ምን አገባት?» የሚል ነው። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም። በአገራችን ስለ መብት አፉን የከፈተ ሰው ምን እንደ ደረሰበት ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ነገር ግን ፍርሃት የወለደውን ዝምታ መንፈሳዊ ስም ሰጥተን እንዳንቀመጥ ነገሩን ከቃሉም ከታሪክም ልንመረምረው ይገባናል።

ኢትዮጵያዊው በብንያም በር

ኤርምያስ ጭቃ ባለበት ጕድጓድ ውስጥ ተጥሏል። ኢየሩሳሌም ተከብባለች፤ በከተማይቱም እንጀራ አልቋል። የጣሉት መኳንንቱ ናቸው፤ ንጉሡ ሴዴቅያስም ፈርቷቸው አሳልፎ ሰጥቷቸዋል። በዚያ ቤተ መንግሥት አቤሜሌክ የሚባል አንድ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነበረ። በከተማይቱ ዘመድ የሚሆነው ወገን መኖሩ አልተጻፈም፤ ኤርምያስም እርዳኝ ብሎ አልላከበትም። ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። እርሱ ግን ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ፥ ይኸውም ሰው ሁሉ በሚያይበትና በሚሰማበት አደባባይ፥ ቀርቦ የተደረገው ክፉ መሆኑን ተናገረ፤ ሰውዬው በረሃብ እንደሚሞትም አስረዳ። ንጉሡም ሰዎች አስይዞ እንዲያወጣው ፈቀደለት።

ብዙ ሰባኪ እዚህ ላይ ታሪኩን ይጨርሰዋል። እኛ ግን በእርዳታ ሥራ ላይ ስላለን ቀጥሎ ያለውን ቍጥር በጣም እንወደዋለን። አቤሜሌክ ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም። ወደ ዕቃ ቤት ገብቶ ያረጀ ጨርቅና እላቂ ልብስ ፈልጎ አወረደለት፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይቈርጠው ከሥሩ እንዲያደርገውም ነገረው። እንግዲህ አቤቱታውና እርዳታው በአንድ ሰው እጅ ተገናኝተዋል። ንጉሡ ዘንድ ባይሄድ ኖሮ ጨርቁ ለምንም አይጠቅምም ነበር። ጨርቁን ባያስብ ኖሮ ደግሞ ነቢዩ ቆስሎ ይወጣ ነበር። «እናንተ ስንዴ አድሉ እንጂ ስለ መብት አትናገሩ» የሚለን ሰው አቤሜሌክን ለሁለት ይከፍለዋል ማለት ነው።

ስለ መግለጫው ጥቂት ቃል

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሁለንተናዊውን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በፓሪስ ያጸደቀው ታኅሣሥ 10 ቀን 1948 ዓ.ም. ነው። 30 አንቀጾች አሉት። 48 መንግሥታት ደገፉት፤ የተቃወመ አልነበረም፤ 8ቱ ግን ድምፅ ከመስጠት ተቈጠቡ። በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ የድርጅቱ አባላት የነበሩት ግብፅ፥ ኢትዮጵያ፥ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ ከደገፉት ወገን ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ተቈጠበች፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አፓርታይድን ይዞ የተነሣው ፓርቲ ምርጫ አሸንፎ ሥልጣን ጨብጦ ነበርና።

አንዳንዱ ሰው መግለጫው የፈረንጅ ነው ይላል። ይህ እውነት አይደለም። ረቂቁን ከሠሩት መካከል የሊባኖሱ ቻርልስ ማሊክ፥ የቻይናው ፔንግ ቹን ቻንግና የቺሊው ኤርናን ሳንታ ክሩዝ ይገኛሉ። የሕንዷ ሐንሳ መህታም ቃሉ ወንዶችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል ታግላ አስለውጣለች። ስለ ሃይማኖት ነፃነት በሚናገረው በአንቀጽ 18 ላይም አብያተ ክርስቲያናት በላኩት በሉተራኑ የሥነ መለኮት መምህር በፍሬደሪክ ኖልዴ በኩል ብዙ ደክመዋል። የሆነ ሆኖ መግለጫው ወታደርም ዳኛም የለውም። ስለዚህ ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው ከፍቶ የሚያነበውና በእርሱ የሚሟገት ሰው ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ከናሚቢያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላገኘንም፤ የእኛም አገር በዚያ ታሪክ ውስጥ እጇ አለበት።

አደራ በላው

ዛሬ ናሚቢያ የምትባለው አገር ቀድሞ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ትባል ነበር። ጀርመን ከ1884 ዓ.ም. ጀምሮ ገዛቻት። ከ1904 እስከ 1908 ዓ.ም. በሄሬሮና በናማ ሕዝብ ላይ የደረሰውን እልቂት የጀርመን መንግሥት የዘር ማጥፋት እንደ ነበረ የተናገረው በ2021 ዓ.ም. ነው። በ1915 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር አገሩን ያዘ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ለደቡብ አፍሪካ በሞግዚትነት ሰጣት። የተሰጣት ግን የሕዝቡን ደኅንነትና ዕድገት እንድትጠብቅበት በቅዱስ አደራነት ነበር። ለእኛ አደራ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አደራ በላ የሚባለው ሰው በሰፈሩ እንዴት እንደሚታይም እናውቃለን። ደቡብ አፍሪካ አደራውን በላችው። የራሷን የዘር መለያየት ሕግ ወስዳ በዚያ ሕዝብ ላይ ጫነችበት።

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካን ከሰሱ። ክሱን ማቅረብ የሚችለው የቀድሞው የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የነበረ አገር ብቻ ነበርና ከጥቁር አፍሪካ አገሮች ይህ መብት ያላቸው ሁለቱ ነበሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ኢትዮጵያ ወደዚያ ማኅበር የገባችው በ1923 ዓ.ም. ነው። ፋሺስት ጣሊያን በወረረን ጊዜ ማኅበሩ እንዳልደረሰልን የታወቀ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 30 ቀን 1936 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው የተናገሩትም ስለዚህ ነበር። ለእኛ ሳይጠቅመን የቀረው አባልነት ከ24 ዓመት በኋላ ለሌላ ሕዝብ መሟገቻ ሆነ። የተገፋ ሰው በቂም ተቀምጦ መቅረት ይችላል፤ መገፋትን ስለሚያውቀው ለሌላው መቆምም ይችላል። በዚህ ነገር አገራችን ሁለተኛውን መርጣለች።

ክርክሩ ወደ ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ። በ1962 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ 8 ለ7 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ሐምሌ 18 ቀን 1966 ዓ.ም. ግን ዳኞቹ 7 ለ7 እኩል ተከፈሉና ፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ሰጥተው ክሱ ውድቅ ሆነ። ምክንያቱም ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም የሚል ነው። ይህን በአማርኛ ስንፈታው «እናንተን ምን አገባችሁ?» ማለት ነው።

መልሱ ከዓለም መንግሥታት መጣ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ጠቅላላ ጉባኤው በ114 ድምፅ፥ 2 ብቻ ተቃውመው፥ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሻረ። ሰኔ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት የጸጥታው ምክር ቤት ስለ ጠየቀው ምክሩን ሲሰጥ የደቡብ አፍሪካ በዚያ አገር መቀመጥ ሕገ ወጥ እንደ ሆነ 13 ለ2 በሆነ ድምፅ አስታወቀ።

ከአትሮንሱ የተነበበው ደብዳቤ

ከዚህ በኋላ ያለውን ክፍል ማኅበረ ምእመናን በተለይ እንዲያስተውሉት እንለምናለን። የፍርድ ቤቱ ቃል በተሰማ በዘጠነኛው ቀን፥ ሰኔ 30 ቀን 1971 ዓ.ም.፥ የሁለቱ ታላላቅ ጥቁር የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች፥ ጳጳስ ሊዮናርድ አዋላና ፓስተር ፓውሉስ ጎዋሴብ፥ ለደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ለፎርስተር ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። በፓውሊኑም የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት የነበሩ ተማሪዎች ነገሩን በማንቀሳቀስ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ለምእመናኑም መልእክት ተዘጋጅቶ በሐምሌ ወር በየቤተ ክርስቲያኑ ተነበበ። በአጋጣሚ ደብዳቤው የተጻፈው ከጄኔቩ ንግግር ልክ በ35ኛው ዓመት፥ በዚያው ዕለት ነው።

ደብዳቤው ስድብም ዛቻም የለበትም። መንግሥት ስለ ፖሊሲው የሚናገረውንና በሕዝቡ ላይ የሚታየውን ጎን ለጎን አቅርቦ በ1948ቱ መግለጫ ይመዝነዋል። ሕዝቡ ያለ ሥጋት መኖር አልቻለም ሲል አንቀጽ 3ን ይጠቅሳል። በአገሩ መንግሥት ድምፅ የለውም ሲል አንቀጽ 20ንና 21ን፥ ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ ሲናገር 23ንና 25ን ይጠራል። በኮንትራት ሥራ ምክንያት ቤተሰብ መፍረሱንም ከእነዚሁ ከ23ና ከ25 ጋር አያይዞ ያነሣል።

ይህ የኮንትራት ሥራ ምን እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በሰሜን በኦቫምቦ ምድር የሚኖር ወንድ በደቡብ ባሉት ማዕድኖች፥ እርሻዎችና የዓሣ ፋብሪካዎች መሥራት ቢፈልግ ብቻውን ሄዶ ሥራ መጠየቅ አይፈቀድለትም ነበር። ስዋንላ በሚባለው መልማይ ድርጅት በኩል ያልፋል። በዚያ ሐኪም እንደ ከብት ይመረምረዋል፤ በጉልበቱ ልክ አንደኛ፥ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ ተብሎ ይመደባል። ቍጥር ያለበት ምልክት ያስሩበታል፤ ሕዝቡ ይህን ምልክት ኦካሆሎ ይለዋል። አሠሪውን አይመርጥም፤ ደመወዙን አይከራከርም። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መሄድ ክልክል ነው። ከ12 እስከ 18 ወር በግቢ ተዘግቶ ይኖራል፤ ውሉ ሳያልቅ ጥሎ ቢሄድ እንደ ወንጀለኛ ይያዛል። ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለስና እንደ ገና ይሰለፋል። አንድ ሰው ትዳር ይዞ በሃያ ዓመት ውስጥ ከሚስቱ ጋር ስንት ዓመት እንደሚኖር አስሉት። እነዚህ ፓስተሮች ያንን ሰው ያጋቡት፥ ልጆቹንም ያጠመቁ ናቸው። ስለ ጋብቻ ቅድስና እየሰበኩ ጋብቻን ስለሚያፈርሰው ሕግ ዝም ማለት አልተቻላቸውም። «ምን አገባችሁ?» ለሚላቸው መልሳቸው በመዝገባቸው ውስጥ ተጽፎ ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በነሐሴ ወር በዊንድሁክ አነጋገሯቸው፤ ነገር ግን ፖሊሲው አልተለወጠም። ያም ሆኖ የተነበበው ቃል በምእመኑ ልብ ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። በኅዳር ወር አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ሠራተኛው በፈቃዱ የሚፈርመው ስለ ሆነ ኮንትራቱ ባርነት አይደለም ብሎ ሲናገር ሠራተኞቹ ቃሉን ያዙት፤ በፈቃዳችን ከሆነማ በፈቃዳችን እንተወዋለን አሉ። ታኅሣሥ 13 ቀን 1971 ዓ.ም. በዊንድሁክ ሥራ ማቆም ተጀመረ፤ በጥቂት ሳምንታትም ከ13,000 በላይ ሰዎች ሥራ አቆሙ። በ1972 ዓ.ም. ስዋንላ ፈረሰ። ቀንበሩ ወዲያው ተሰበረ ማለታችን አይደለም፤ ብዙው ነገር ስሙ ብቻ ተለውጦ ለጊዜው ቀጥሏል።

ዋጋም ተከፍሏል። ለሠራተኞቹ የቆሙት የአንግሊካኑ ጳጳስ ኮሊን ዊንተር በ1972 ዓ.ም. ከአገር ተባረሩ። በኦኒፓ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ማተሚያ ቤት በግንቦት 1973 ዓ.ም. በፈንጂ ፈረሰ። በውጭ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ረድተው እንደ ገና ተሠራ፤ በ1980 ዓ.ም. ዳግመኛ በፈንጂ ተመታ። በፖለቲካ የተጠረጠሩ ሰዎች በአደባባይ በተገረፉ ጊዜ ጳጳስ አዋላና የአንግሊካኑ ጳጳስ ሪቻርድ ዉድ ፍርድ ቤት ሄዱ። በዊንድሁክ ባይሰሙም በይግባኝ በ1975 ዓ.ም. ግርፋቱን የሚያግድ ትእዛዝ አገኙ። ልብ በሉ፤ የተገረፉት እነርሱ አልነበሩም።

በዚህ ጊዜ የሌላው ዓለም ክርስቲያን ምን አደረገ? ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ አባል የሆነችበት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1977 ዓ.ም. በዳሬሰላም ተሰብስቦ አፓርታይድን መቃወም የእምነት ጉዳይ እንደ ሆነ አስታወቀ። በ1984 ዓ.ም. በቡዳፔስት ደግሞ ከመለያየቱ ያልወጡትን ሁለት የነጮች አብያተ ክርስቲያናት አባልነት አገደ። ናሚቢያ መጋቢት 21 ቀን 1990 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ክስ ከመሠረቱ ወደ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ሦስተኛ ምዕራፍ መሠረታዊ መብቶችን ይዘረዝራል፤ እነዚያን መብቶች የሚያሳንስ ማሻሻያ ማድረግም በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ነው።

ለውይይት፦ ዘዳግም 24፥14-15ን አንብቡና ስለ ምንደኛው የተሰጠው ትእዛዝ ማንን ማንን እንደሚያጠቃልል ተነጋገሩ። «መጻተኛ» የሚለው ቃል በእናንተ ቀበሌ ማንን ይመለከታል?

በቤታችንስ?

እዚህ ላይ ደረት ነፍተን እንዳናልፍ አንድ ነገር ማንሣት አለብን። ኢትዮጵያ በሄግ ስለ ናሚቢያ ሠራተኛ ስትከራከር በራሷ ምድር ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን፥ አንዳንዱም እኩሌታውን ለባለመሬት ያስረክብ ነበር። በ1973 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸሸገው፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራንና ተማሪዎች ያዩትን ካልተናገሩ፥ በዚያው ዓመት በጥቅምትም የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ካላሳየው በቀር ብዙው ዓለም አያውቀውም ነበር። እኛ የእርዳታ ሠራተኞች ይህን መርሳት የለብንም። ረሃቡን ያባባሰው የዝናብ መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ተራብን ብሎ የመናገር መብት መታፈኑም ነው። እህሉ የሚመጣው ጩኸቱ ከተሰማ በኋላ ነውና።

ከዚያም ደርግ መጣ። በየዓለም መድረኩ አፓርታይድን እያወገዘ በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የአገሩን ወጣት በየመንገዱ ጣለ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ቤተ ክርስቲያናቸው በግንቦት 1972 ዓ.ም. ስለ ወንጌልና ስለ ልማት አንድነት ለዓለም አብያተ ክርስቲያናት የጻፈችውን ደብዳቤ ከመሩት አንዱ ናቸው፤ ሥጋና ነፍስ ተከፍሎ አይታይም የሚለው አሳብ ዛሬም የምንሠራበት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰብከው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። አስከሬናቸው የተገኘው በ1992 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ታስረዋል።

ይህን የምናነሣው የድሮ ቍስል ለመነካካት አይደለም። ሁለንተናዊ የሚባለው ቃል የሚፈተነው በሩቁ ብቻ ሳይሆን በቅርቡም ስለ ሆነ ነው። ሩቅ ላለው መጮኽና ቅርብ ያለውን ማፈን አንድ በሽታ ነው። በዘመናችን ደግሞ ሌላው በሽታ በርትቷል፤ ይኸውም የወገን ብቻ መብት ነው። የእኛ ሰው ሲታሰር፥ ሲፈናቀል፥ ሲገደል እንጮኻለን፤ ያኛው ወገን ሲሆን ግን «ይበላቸው» ባንል እንኳ ወሬውን እናጣራ እንላለን። በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ላይ እንኳ የማን ስም እንደሚጠራና የማን እንደማይጠራ አስተውለን እናውቃለን። አቤሜሌክ በዚህ ሚዛን ቢመዘን ኖሮ ኤርምያስ በጭቃው ውስጥ በሞተ ነበር።

ዛሬ በእጃችን ያለው

በመጀመሪያ የፕሮጀክት ሠራተኞችን እንናገራለን። በእርዳታ ሥራ ትልቁ የመብት ጉዳይ በስም ዝርዝሩ ውስጥ ነው። በየወረዳው ስንዞር ብዙ ዝርዝር አይተናል። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ የአንድ ቋንቋ ወይም የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ብቻ የሞሉበት ከሆነ፥ የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ተፈናቃይ በምን ይመዘገባል? ባሏ የሞተባት ሴት በአማቷ ስም ተመዝግባ ከሆነ ዘይቱን ማን ይወስደዋል? የእኛን ጉባኤ የሚከታተል ሰው ከማይከታተለው ቀድሞ ከተጻፈ ያ እርዳታ መሆኑ ቀርቶ ጉቦ ነው፤ ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል። ዝርዝሩ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ፤ ቅሬታ የሚሰማው ሰውም ከዝርዝሩ አዘጋጆች የተለየ ይሁን።

ሁለተኛው ነገር በአረብ አገርና በሊባኖስ ስላሉት ልጆቻችን ነው። ከአጥቢያዎቻችን መካከል ከዚያ የሚላክ ገንዘብ የማይገባበት ጥቂት ነው፤ ጣራውን የቀየረ፥ ልጅ ያስተማረ ስንት ቤተሰብ አለ። ካፋላ የሚባለው ሥርዓት ግን ኦካሆሎን ለሰማ ሰው እንግዳ አይሆንም። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ በአንድ አሠሪ ስም ይታሰራል። ማዳም ካልፈቀደች ሥራ መለወጥ የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ፓስፖርቷም በአሠሪዋ እጅ ይቀመጣል፤ ጥላ ከወጣች እንደ ጠፋች ተቈጥራ ትያዛለች። እርግጥ ነው፤ አንዳንድ አገሮች ሕጋቸውን አሻሽለዋል፤ ኳታር በ2020 ዓ.ም. ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መለወጥ እንዲቻል ደንግጋለች። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ2011 ዓ.ም. ስለ ቤት ሠራተኞች 189ኛውን ስምምነት አውጥቷል። ሕጉ ግን ወደ ማድ ቤት እስኪደርስ ድረስ ሩቅ መንገድ አለው። «በፈቃዷ ነው የሄደችው» የሚለውንም ክርክር በ1971 ዓ.ም. ሰምተነዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ፈተና አለ። ስለ ልጆቻችን ስንጸልይና ስንጽፍ በዚያው ወጥ ቤት ስለምትተኛው የባንግላዴሽ፥ የስሪ ላንካ፥ የኬንያ ልጅ እናስባለንን? ሕጉ የተሠራው በሁሉም ላይ ነው፤ ለአንዷ ብቻ አይፈታም። ደግሞም በእኛ ከተሞች ከሱዳን፥ ከደቡብ ሱዳንና ከኤርትራ የመጡ ስደተኞች አሉ። በ2019 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቍጥር 1110 ሥራ የመሥራት መብትን ያውቅላቸዋል። በቤተ ክርስቲያናችን ግንባታ ላይ የቀን ሥራ የሚሠራው ስደተኛ የአገሩ ልጅ የሚከፈለውን ያህል ይከፈለዋልን? ያዕቆብ ስለ ተቀማ ደመወዝ የጻፈውን ከዚህ ጥያቄ ጋር አንብቡት።

ሦስተኛው ነገር አቤቱታ ስለ መጻፍ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 13 የመብት ድንጋጌዎቹ ከሁለንተናዊው መግለጫ ጋር ተጣጥመው እንዲተረጐሙ ስለሚያዝዝ አንቀጽ መጥቀስ የባዕድ ነገር አይደለም። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ እንዲቀበሉ በሕግ የተቋቋሙ ናቸው። ከናሚቢያው ደብዳቤ ሦስት ነገር ተማሩ፤ ያዩትን ጻፉ እንጂ የሰሙትን ሁሉ አልጻፉም፤ ስማቸውን ፈረሙበት፤ ለባለሥልጣኑ የላኩትንም ለምእመኑ አልሸሸጉም። ነገር ግን ከመጻፋችሁ በፊት ባለጉዳዩን ጠይቁ። ስሟ ሲወጣ የሚደርስባትን የምታውቀው እርሷ ናት። ስሟ እንዳይጠራ ከፈለገች አይጠራ፤ ፎቶግራፏም በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ላይ አይለጠፍ። አቤሜሌክ ከገመዱ በፊት ጨርቁን እንዳሰበ አትርሱ። የመብት ነገር የያዘው ጓጕቶ አንዳንድ ጊዜ የሚያወጣውን ሰው ብብት ይቈርጣል።

ለሚመጣው ስብሰባ እንዲህ ብታደርጉ እንወዳለን። መግለጫውን በአማርኛ ፈልጋችሁ አንቀጽ 3ን፥ 13ን፥ 16ንና 23ን በጕባኤ አስነብቡ። ከዚያ ሦስት ሰው ምረጡ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፥ አንዱም ከሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን ይሁን። በአጥቢያው የሚኖሩትን የቀን ሠራተኞች፥ ተፈናቃዮችና ልጆቻቸውን ወደ ውጭ የላኩ ቤተሰቦችን ቤት ለቤት እየዞሩ ያነጋግሩ። ከእነዚህ አንቀጾች የትኛው በማን ላይ እንደ ተጣሰ፥ መቼና የት እንደ ሆነ ባለጉዳዩ በፈቀደው መጠን ጽፈው ይዘው ይምጡ።